«የለም» ብዬ የጻፍኩት ምንጭ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ «ውሃ ሕይወት ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ከጽሑፉ ሥር የእጅ መታጠቢያ አለ፤ መታጠቢያው ላይ ቧንቧ አለ፤ ከቧንቧው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሆነን እጃችንን የምንታጠበው ጥበቃው ከወንዝ በጀሪካን በሚቀዳልን ውሃ ነበር። ማንም አያፍርም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ኃላፊው «ዛሬ መስመር ተቋርጦ ነው» ይላል። ያ «ዛሬ» እኔ ተቀጥሬ ሥራ እስክለቅ ድረስ አላለቀም።

እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማወራው ከጎረቤት የሰማሁትን አይደለም። ያየሁትን ነው፤ ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ያደግኩት ጂንካ ከተማ ዳር ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። አባቴ ከጋሞ በኩል ሥራ ፍለጋ የመጣ ግንበኛ ነው፤ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተዳፋት የሆነ የግጦሽ መሬት አለ፤ የእኛ ሰፈር ከዚያ ተዳፋት ግርጌ ነው። ግማሹ እንደኛ ከሌላ አገር የመጣ፣ ግማሹ ከጥንት ጀምሮ እንሰቱን ተክሎ እዚያው የኖረ የአሪ ተወላጅ ነው። ከቤታችን ቀጥሎ ያለው ጓሮ የአንዲት አሪ ሴት ነበር። የእንሰቷ መስመር በሚያልቅበት፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ምንጭ ይፈልቃል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ያንን ነው።

ሴትዮዋን «እማማ» እላታለሁ። በእኛ ሰፈር አማርኛ አንቱታ ብዙ አይዘወተርም፤ እማማም ብለን «አንቺ» ነው የምንለው። ንቀት አይደለም። እማማ ራሷ አማርኛን የለመደችው ሸክም ይዛ ገበያ ስትመላለስ ነው። ቁጣዋ በአማርኛ ሲሆን አጭር ነው፤ በአሪኛ ሲሆን ማቆሚያ የለውም።

ለምንጩ የሾማት የለም፤ ደመወዝም ማኅተምም አልነበራትም። ሕግ ግን ነበራት። ጥላሸት የነካው ዕቃ ምንጩ ውስጥ አይገባም። ከብት ከሾላው ወዲህ አያልፍም። ልብስ የሚታጠበው ከታች፣ ውሃው እንሰቱን ካለፈ በኋላ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከድንጋዩ ሥር ሰክታ ውሃውን በዚያ ታስወርደዋለች፤ ቀርከሃው ሲበሰብስ ሌላ ትቆርጣለች። ዝናብ ባለፈ ቁጥር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ትገባና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ፈትጋ፣ መልሳ ትደረድራለች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ጥላሸት ያለበት ድስት ስነክር ይዛኝ በጥፊ አለችኝ። እናቴ ትጣላልኛለች ብዬ እያለቀስኩ ብነግራት ሌላኛውን ጉንጬን ደገመችልኝ።

ዲፕሎማዬን ይዤ የዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት በዕቅድና ሪፖርት ሠራተኛነት ስቀጠር የሰፈሩ ሰው ደስታውን አልቻለውም። «ልጃችን ውሃ ቢሮ ገባች» ተባለ፤ ቧንቧ በቦርሳዬ ይዤ የምመለስ መሰላቸው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት «ሽፋን» የሚለውን ቃል ነው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ የእጅ ፓምፕ ይህን ያህል ሰው ያጠጣል ተብሎ በወረቀት ተወስኗል፤ የፓምፑን ቁጥር በዚያ አባዝተህ ለሕዝቡ ታካፍላለህ፣ የሚወጣው ሽፋን ነው። ፓምፑ ይሠራል ወይ የሚል ረድፍ ፎርሙ ላይ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለመስክ ሥራ ቆላ ወርጄ ካንጋተን የምትባል ከተማ ሄድኩ። የፓምፑ እጀታ ተነቅሏል፤ ፍየል ይታከክበታል። ሴቶቹ ወንዙ ዳር አሸዋ እየጫሩ የደፈረሰ ውሃ በቅል ይቀዳሉ። ስመለስ ለኃላፊው «ፓምፑ ሞቷል፤ ከሽፋኑ ላውጣው?» ስለው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ተቋሙ ቦታው ላይ አለ አይደል እንዴ?» አለኝ። አለ አልኩት። «እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ» አለኝ። ያን ጊዜ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው፤ ዛሬ አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

ቀይ አፈር ከተማ ላይ ደግሞ የዘረጋነውን ቧንቧ መንገድ የሚሠራው ማሽን ቆረጠው። ጠገንነው፤ እንደገና ቆረጠው። ሁለቱም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሁለቱም ዕቅድ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ባሉ ክፍሎች ነው የተጻፈው። ወጥቶ «እናንተ በየት በኩል ነው የምትቆፍሩት?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም የእኔ ሥራ የአምናውን ዕቅድ ከፍቶ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር ነበር። ይህን ስል ያጋነንኩ የሚመስለው ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሦስት ዓመት ዕቅድ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያንብብ።

ሁለተኛ የተማርኩት ሰኔን ነው። ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይከርምና ግንቦት ሲጋመስ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ ይላል። ወራት ሙሉ ያልተቆፈረ ቦይ በሁለት ሳምንት ይቆፈራል። ሲሚንቶ በዝናብ ይቦካል። ሕዝቡ ምን ያስፈልገዋል ተብሎ አይጠየቅም፤ ምን ቶሎ ያልቃል ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ታዲያ አንድ ዓመት ለከተማው ዳር ሰፈሮች ቦኖ ሊሠራ ነው ተባለ። ሰው ተሰልፎ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ ማለት ነው። ሰፈሮቹ ብዙ፣ ቦኖዎቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ የባሰበት ቀድሞ እንዲያገኝ ተብሎ ፎርም ተዘጋጀ። ፎርሙን ሰፈር ለሰፈር ዞሬ የምሞላው እኔ ነኝ። የእኛ ሰፈር ተራ ሲደርስ ከእማማ ሾላ ሥር ተቀምጬ፣ ከቀርከሃው በእፍኜ ጠጥቼ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አንዱ ጥያቄ «በአካባቢው ሌላ የመጠጥ ውሃ ምንጭ አለ ወይስ የለም?» ይላል። ከጎኑ ሁለት ሳጥን አለ። «አለ» ያለ ሰፈር ወደ ኋላ እንደሚገፋ አውቃለሁ፤ ነጥቡን የምደምረው እኔው ነኝ። ውሃው ከጆሮዬ አጠገብ እየተንቆረቆረ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ከታች ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ማንንም አላማከርኩም። ኮራሁ እንጂ አላፈርኩም። የሰፈሬ ልጅ ሆኜ ይህችን ካልሠራሁ ለምን ተማርኩ ብያለሁ። ማንን ጎዳሁ? ውሃ ለጠማው ሰው ውሃ እንዲመጣለት አንዲት ሳጥን አሳሳትኩ፣ ይኸው ነው። ሰፈራችን አንደኛ ወጣ።

የቧንቧውን ቦይ የቆፈረው ሕዝቡ ነው፤ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይባላል። ለየቤቱ በገመድ እየተለካ ተሰጠ። እማማም ድርሻዋን ተቀበለች። ልጆች እናግዝሽ ቢሏት «እኔ አልጠጣም እንዴ?» ብላ ራሷ ቆፈረች። ቦኖው በሰኔ ተሠራ፤ መቼ ሊሠራ ኖሯል። የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ ከክልል የመጡ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እናቴ አለቀሰች። እኔም እልል ብያለሁ። ጠዋት ቦቴ መኪና መጥቶ ከላይ ያለውን ታንከር ሲሞላ አይቼዋለሁ፣ ግን ለመሞከሪያ ነው ብለውኝ አምኛለሁ።

ታንከሩ በሦስተኛው ቀን ባዶ ሆነ። ኃላፊውን ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኩት። የመለሰበት እርጋታ እስከዛሬ ያቃጥለኛል። «ቧንቧውና ቦኖው አንደኛ ምዕራፍ ነው። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው» አለኝ። ቧንቧ ተዘርግቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሲያበቃ ውሃው ገና መሬት ውስጥ የት እንዳለ አልታወቀም። ጎጆ ሳይሠራ በር የሚገጥም ሰው አይታችኋል? ሰፈራችን ቢሆን እብድ ይባላል፤ እኛ ቢሮ ባለሙያ ይባላል። ሁለተኛው ምዕራፍ በየዓመቱ ዕቅዱ ላይ ይጻፋል፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። በኋላም ክልሉ ሲከፈል ፋይሉ በየት በኩል እንደቀረ የሚያውቅ ጠፋ። በሽፋኑ ስሌት ግን ሰፈራችን ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ ያለው ሰፈር ሆኗል።

ሰፈሩ ተመልሶ ወደ ምንጩ ወረደ። እማማ አልተሳለቀችም። «ብረት ውሃ አይወልድም» ብላ ቀርከሃዋን ቀየረች።

ዓመታት አለፉ። እኔ አግብቼ መሀል ከተማ ቤት ተከራየሁ፤ አባቴ ሲሞት እናቴንም ወሰድኳት። መሀል ከተማ ውሃ በሳምንት አንዴም ቢሆን ይመጣል። እናቴ ግን የቧንቧውን ውሃ «ዝገት ዝገት ይለኛል» ብላ አትጠጣም ነበር፤ ወደ ገበያ የሚወጣ የሰፈር ሰው በየቅዳሜው ከእማማ ምንጭ አንድ ጀሪካን ያመጣላታል።

ከተማው አደገ። ሆቴሉ በዛ፣ ፎቁ በዛ፤ የሚገባው ውሃ ጠፍቶ የሚወጣው ፍሳሽ ሞላ። ሽንት ቤት የሚመጥጥ መኪና ተገዛ፤ መኪናው ግን የሚደፋበት የለውም፤ ባገኘው ገደል ይደፋል። ሕዝቡ ጮኸ፤ እውነቱን ነው። ለማጠራቀሚያ ገንዳ የሚሆን በጀት ከላይ ተፈቀደ። የተፈቀደው በየካቲት ነው፤ የደረሰን በግንቦት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የጥናቱ ሰነድ ተባዝቶ እንዲጠረዝ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። እያገላበጥኩ ሳነብ ገንዳው የሚቆፈርበትን ቦታ አየሁ፤ ከሰፈራችን በላይ ያለው ተዳፋት ነው። ከእማማ ጓሮ ሽቅብ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ስህተት መሆን አለበት ብዬ ገጹን ገለጥኩ። «በቦታው ዙሪያ ለመጠጥ የሚውል የውሃ ምንጭ የለም» ይላል። ከሥሩ ማስረጃው ተጠቅሷል፤ የጽሕፈት ቤቱ የሰፈሮች መረጃ። የእኔ ፎርም ነው። አጥኚው ከሌላ ከተማ መጥቶ ሁለት ቀን ያደረ ሰው ነው። እግሩን አንሥቶ ትንሽ ቁልቁል ቢወርድ የውሃውን ድምፅ ይሰማ ነበር። አልወረደም። ለምን ይወርዳል? የውሃ ቢሮ ባለሙያ «የለም» ብላ ፈርማለታለች።

ሮጬ ኃላፊው ጋ ገባሁ። ምንጭ አለ አልኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ነው፣ እኔም እሱን ጠጥቼ ነው ያደግኩት አልኩት። ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አስመጥቶ ፎርሙን ፊቴ ዘረጋው።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። የቱን ልያዝልሽ?»

ያኔ ነው የዋሸሁት አልኩት። ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንደሱ ያለው ነው። «እህቴ፣ ጻፊዋ» አለኝ። «‹በሐሰት መረጃ ለሰፈሬ ቦኖ አሠርቻለሁ› ብለሽ በስምሽ ጻፊ። እኔ ወደ ዲሲፕሊን እመራዋለሁ። ጥናቱ ይመለሳል፣ በጀቱም ይመለሳል፣ ከተማው ያለ ገንዳ ይቀራል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ምንጭ ብለሽ ነው?» ልወጣ ስል ደግሞ «ለማንኛውም ገንዳው ፕላስቲክ ይነጠፍበታል፤ ጠብ አይልም» አለኝ።

የሥራ ተቋራጩን መሐንዲስ ለምኜ ምንጩ ድረስ ወሰድኩት። ወጣት ነው፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። እማማ እንግዳ መጣልኝ ብላ በቅል ቀዳችለት። ጠጣ፤ «ጥሩ ውሃ ነው፣ እናቴ» አላት፤ አፉን ጠረገ። ተመልሰን ሽቅብ ስንወጣ «ምን ላድርግ፣ እኔ የምሠራው በዲዛይኑ ነው፤ ዲዛይኑ ጸድቋል» አለኝ። የጠጣው ውሃ ከከንፈሩ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ያን ልጅ አልረገምኩትም፤ ግን ሥርዓት ያለው ሰው ባየሁ ቁጥር የምጠራጠረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

እማማ በማግስቱ «ሰውየው ምን ፈልጎ መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለሥራ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚያች ቀን ነበር። ነግሬያት ቢሆን ሰፈሩን ሰብስባ ተዳፋቱ ላይ ትተኛ ነበር፤ አውቃታለሁ። እኔ ግን ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴ ታማለች አልኩ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ኃላፊውን ስረግም የምውል ሴት ነኝ፤ እሱ ግን ከእኔ የሚፈልገው ዝምታ ብቻ ነበር፣ ሰጠሁት።

ሰኔ ውስጥ ዶዘር ገባ። ፕላስቲኩ እስከ ሰኔ ሠላሳ አልደረሰም። «ወለሉ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቋል፤ ፕላስቲኩ በሁለተኛው ምዕራፍ ይነጠፋል» ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ፤ መቶ በመቶ ተጠናቋልም ተባለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሰዎች ምን እየተቆፈረ እንደሆነ ሲጠይቁ «ልማት ነው» ተባሉ። ሽማግሌዎቹ የቦኖው ውሃ ጉድጓድ መጣልን ብለው ለቆፋሪዎቹ ቦቆሎ ጠብሰው ወሰዱላቸው። ይህን የነገረችኝ ውሃ ይዛ የመጣች የሰፈር ሴት ናት፤ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔም «ጥሩ ነው» አልኩ።

ገንዳው ውስጥ ገና ምንም ሳይደፋ፣ ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ለእናቴ የሚመጣላትን ጀሪካን ሳታየኝ እደፋና በቧንቧ ውሃ፣ አፍልቼና አጥልዬ፣ እሞላው ነበር። ይህን ለመናገር አፌ ይተሳሰራል፤ ግን ካልተናገርኩት የኃላፊውን ብቻ ማውራት ሐሜት ነው። ለእናቴ ደፋሁላት። ለሰፈሩ ዝም አልኩ።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪና መመላለስ ጀመረ። በጋውን ምንም አልሆነም፤ ኃላፊው ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር «አየሽ?» ይለኛል። መጋቢት ላይ የእኛ አገር ዋናው ዝናብ ወረደ። ጂንካ ሲዘንብ እንዴት እንደሚዘንብ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ገንዳው አፉ ድረስ ሞላ።

ምንጩ መሽተቱን መጀመሪያ ያወቀችው እማማ ናት። ማን ምን እንዳደረገባት ግን አላወቀችም። ሰፈሩ ውስጥ ሕጓን የጣሰ አለ ብላ አሰበች። ልጆቹን ሰብስባ መረመረች። ከምንጩ በላይ ልብስ አጥበሻል ብላ ዕድሜ ልኳን አብራት ከኖረች ጎረቤቷ ጋር ተጣላች፤ ተኳረፉ። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ድንጋዮቹን አውጥታ ፈተገች፣ ደለሉን በእጇ ዛቀች፣ አዲስ ቀርከሃ ቆርጣ ገጠመች። ሦስት ቀን ሠራች። በአራተኛው ቀን ሽታው ያው ነው፤ ድንጋዮቹን እንደገና አወጣች። ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ። ያቺ አሮጊት የከተማውን ሆቴል ሁሉ ሽንት ቤት በባዶ እጇ ስታጥብ ነበር እኮ።

ሕፃናቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ተባሉ። በመጨረሻ እማማ ቢሮ ድረስ መጣችብኝ። የምንጩን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። «አንቺ ውሃ ቢሮ ነሽ። ይሄን እዩልኝ፤ ምን ነካው?» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እናይልሻለን አልኳት። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አንቺ እያለሽልን ምን እንሆናለን» አለች።

ደብዳቤውን ያን ቀን ጻፍኩ፤ ሁሉንም፣ በስሜ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አልመጣም። ማንም አልቆጣኝም። ያ ሁሉ ያስፈራኝ ነገር ባዶ ነበር፤ በጀቱ ተዘግቷል፣ አሁን ምን ይሆናል ብለው ይቅጡኝ? ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ መጣ፤ ስብሰባ ተደረገ። ገንዳው ይዘጋ ሲባል መኪናው የት ይድፋ ተባለ። ፕላስቲኩ ይነጠፍ ሲባል በሁለተኛው ምዕራፍ ተባለ። የተወሰነው ምንጩ ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንዲተከል ነው። ለሰሌዳው በጀት አልጠፋም።

በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ ምንጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ፤ «የተበከሉ ምንጮች» በሚለው ረድፍ ውስጥ። ጤነኛ ሆኖ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያጠጣ በመንግሥት ወረቀት ላይ አልነበረም። የሰሌዳውን ጽሑፍ አርቅቂ ተባልኩ፤ አረቀቅኩ።

ሰሌዳው በተተከለበት ቀን ከሥራ ወጥቼ ወረድኩ። እማማ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ፊደል አታውቅም። ብረቱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«‹ይህ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም› ይላል።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ ከዚያ በፊት የጻፍኩትንም ነገርኳት። ፎርሙን፣ ሳጥኑን፣ ገንዳው በእኔ ፊርማ እንደመጣ፣ ሲቆፈር አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ጎረቤትሽ ልብስ አላጠበችም አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የምታስብ ትመስላለች።

«ለምን ‹የለም› አልሽ?»

«ቦኖው እንዲመጣልን ብዬ ነው፣ እማማ።»

ዞር ብላ ቦኖውን አየችው። ከአራቱ ቧንቧዎች ሁለቱ ተነቅለዋል፤ የቀሩት ዝገዋል።

«መጣ?» አለችኝ።

ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን ቀርከሃው ሥር ደገነችው። «እማማ፣ አትቅጂው፣ ያሳምምሻል፤ ከእኔ ቤት አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«ለሰፈሩ ሁሉ ታመጫለሽ?» አለችኝ።

ጀሪካኑ እስኪሞላ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ላሸክማት ስጠጋ እጄን ገፋ አድርጋ ብቻዋን ተሸከመችና ወደ ቤቷ ሄደች።